አንድ ሺህ እሺ

ያቺን ትንሽ መስኮት የጻፍኳት እኔ ነኝ፣
ማንም አልረዳኝም፣ ማንም አልጠየቀኝ።
በርገን፣ አርብ ማታ፣ ዝናብ መስታወቱን ሲያሸው፣
ቢሮው ውስጥ የቀረን እኔና የጽዳቱ ሰው።
ሦስት መስመር ኮድ ናት፤ ከዚያ አትበልጥም፣
ርእሷ «ማሳሰቢያ»፣ ቃሏም አይረዝምም፤
ቢጫ ሦስት ማእዘን፣ መሐሉ ቃለ አጋኖ፣
«እርግጠኛ ነህ?» የሚል ከጎኑ ተጭኖ።
«እሺ» በስተቀኝ፣ «ይቅር» በስተግራ፣
«እሺ» ቀድማ ተመርጣ፣ በቀጭን መስመር ታጥራ፤
ኢንተርን ለነካ እሷ እንድትቀድም።
ለምን እሷ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም።
መልስ እስክታገኝ ድረስ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣
ከኋላዋ ያለው ገጽ ሁሉ ይገረጣል።

ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።
ከተጠየቀ በኋላ ጥፋቱ የሰውየው ነው፣ ብዬ ነበር።

ከከተማው በጀልባ አራት ሰዓት ርቆ፣
ሳልሞን ማርቢያ አለ፣ ፊዮርድ ጥግ ተደብቆ።
እዚያ ነው ቶርጌር የሌሊት ፈረቃ የሚገባው፣
ሃያ ስድስት ገንዳ በአንድ ኮምፒውተር ይዞ የሚያድረው።
በኅዳር፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ፣
መስኮቷ ብቅ አለች። እሱም እጁን ሰደደ፣
ኢንተርን ተጫነ። የገንዳ አራት ውሃ ባሕር ወረደ።
አርባ ሺህ የዓሣ ጫጩት፣ ከጣት የማይበልጡ፣
ደረቅ ብረት ላይ ሲፈራገጡ፣ ሲፈራገጡ።
መዝገቡ እንዲህ ይላል፦ «ተጠይቋል። እሺ ብሏል።»
ጽሑፉ የኔ ነው። ውሸት የለበትም። እውነት ግን ይጎድለዋል።

ሰኞ ሄድኩ። ተቆጥቶ ይጠብቀኛል ብዬ ሰጋሁ፤
ቦት ጫማ አቀበለኝ፤ አጠገቡ ተቀምጬ ቆየሁ።
«መኖው ተሰጥቷል።» እሺ። «ሰዓቱ ደርሷል።» እሺ።
«ፋይሉ ተቀምጧል።» እሺ።
«ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሷል።» እሺ። እሺ።
ፊደሉ ስክሪን ላይ ገና ተስሎ ሳያልቅ
ጣቱ ቀድማ ትደርሳለች፤ ዓይኑ እንኳ አያውቅ።
«አታነበውም?» አልኩት።
«አነብ ነበር» አለኝ፣ «የመጀመሪያው ሳምንት።»
በአንድ ፈረቃ ብቻ መቶ ዐሥራ ሁለት ቆጠርኩ፤
መቶ ዐሥራ አንዱ የማይረቡ፣ ሁሉንም እኔ ጻፍኩ።
ውሻ ቀኑን ሙሉ ከጮኸ ለቅጠሉ፣ ለጥላው፣
ሌባ የመጣ ሌሊት ማን ነው የሚሰማው?
እሺ ይበልጣል ከሺ የሚሉትን አውቃለሁ፤
እኔ ግን ሺህ እሺ ሠርቼ አንዱን እሺ ገድያለሁ።

ስመለስ ጀልባው ላይ፣ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣
አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፣ ስማቸውን ጠርቼ።
«ተሳክቷል»፣ ሂጂ። «ተቀምጧል»፣ ሂጂ።
«እርግጠኛ ነህ?»፣ አንቺማ በተለይ ሂጂ፤
ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ማን ነው እርግጠኛ?

አንዷን ብቻ አስቀረሁ። የእሷንም ቃል ለወጥኩ፤
«ገንዳ አራት ይደርቃል። ውስጡ አርባ ሺህ ዓሣ አለ» ብዬ ጻፍኩ።
«እሺ» የሚባል ቁልፍ የለም። «አድርቅ» አለ፣ «ተወው» አለ፣
አጥሩም ቦታ ቀይሮ «ተወው» ላይ ተተከለ።
ደግሞም ውሃው ዐሥር ደቂቃ ጓዳ ገንዳ ይቆያል፣
«መልስ» ቢሉት ይመለሳል። ሰው ይሳሳታል።

በየካቲት ደወለ። «ዝም አለ» አለኝ «ኮምፒውተሩ፤
ተበላሸ ብዬ ገመዱን ነቅዬ ነበር ከሥሩ።»
ሳቅን።
ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።
ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ ቀስ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤
«ገንዳ... ዐሥራ ሰባት...» ቆም አለ። ከላይ እንደገና ጀመረ።
«ቆይ» አለኝ፣ «መብራት ይዤ ልውረድና ልየው።»
ስልኩን አልዘጋውም። ጠረጴዛው ላይ ነው የተወው።
የቦት ጫማው ኮቴ በብረት ደረጃው ራቀ።
ከዚያ ማዶ የሃያ ስድስት ገንዳ ውሃ፣
ከዚህ የበርገን ዝናብ።
ጠበቅሁ።